ከብረቱ ሥር ማን ቆመ?

ያን ቀን ዝናቡ ባይዘንብ ኖሮ ወደ ሆስፒታሉ ባልገባሁም ነበር። መድኃኒት ቤቴን ዘግቼ በእግሬ ወደ ቤቴ ሳዘግም ሰማዩ ድንገት ተቀደደና የምገባበት አጣሁ። የድንገተኛ ክፍሉ በር ክፍት ነበርና ዘው አልኩ። ውስጡ የረጠበ ልብስና የአልኮል ሽታ ታፍኖበታል። ግድግዳውን ተጠግቶ በተዘረጋው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ አንድ ቱታ የለበሱ ሽማግሌ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። መዳፎቻቸው ነጭ ዱቄት እንደነካካቸው ናቸው። ጠጋ ብዬ ሳይ ጎረቤቴ ሆነው አገኘኋቸው።

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ምሰሶ» ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልጆችን ጅምናስቲክ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ብረት ላይ ከተንጠለጠለች ልጅ ሥር እጃቸውን ዘርግተው ቀጥ ብለው ስለሚቆሙ ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ራሳቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው። ነጩም ዱቄት ልጆቹ ብረቱ እንዳያዳልጣቸው እጃቸውን የሚያሹበት ነው።

«ጋሽ ምሰሶ፣ ምነው? አመመዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«እኔ ምን እሆናለሁ ባለ መድኃኒቱ?» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «እኔማ ደህና ነኝ። ፌንጣ ናት የወደቀችው።»

ፌንጣን አውቃታለሁ። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ናት። መንገድ ላይ እንደ ሰው ቀስ ብላ ስትራመድ አይቻት አላውቅም፤ ጉድጓዱን፣ ደረጃውን፣ የሰው ቅርጫት ሳይቀር ትዘላለች። አንድ ቀን መድኃኒት ቤቴ ደጃፍ ላይ በእጆቿ ቆማ «የራስ ምታት ኪኒን አለ? ለእማዬ ነው» ብትለኝ፣ «መጀመሪያ አንቺ በእግርሽ ቁሚ፤ አለዚያ ራስ ምታቱ ወዳንቺ ይዞራል» ብያት ሁለታችንም ስቀን ነበር።

«ክፉኛ ተጎዳች?»

«ጀርባዋ ነው» አሉ።

ጥቂት ቆይተው እንደ ነገሩኝ ከሆነ፣ የዕለቱ ውድድር በአንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነበር። በአንዱ ማዕዘን አግዳሚ ብረቶቹ፣ በሌላው በጠባቡ ላይ የሚኬድበት የሚዛን ግንድ፣ ወዲያ መዝለያው፣ ወዲህ ምንጣፉ። ውድድሩ ቶሎ እንዲያልቅ ተብሎ በአራቱም ማዕዘን በአንድ ጊዜ ይካሄዳል። የጋሽ ምሰሶ ትንንሾቹ ልጆች ብረቱ ላይ ተመደቡ፤ ትልልቆቹ ግንዱ ላይ። አሰልጣኙ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ታዲያ ስትወድቅ እርስዎ የት ነበሩ?» አልኩ። ቃሉ ከአፌ እንደ ወጣ መልሼ ብውጠው በወደድኩ።

«ግንዱ ጋ። ትልቋ ልጅ ወደ ኋላ ልትገለበጥ ነበር። እሷስ ብትወድቅ? ፊቴን አዞርኩ፤ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው ያዞርኩት።»

«የዓይን ጥቅሻ አይደለም ጋሼ» አለ ከጀርባችን አንድ የሴት ድምፅ። «ትልቋ ሥራዋን ጨርሳ እስክትወርድ ድረስ ነው።»

ዞር ስል አንዲት ወጣት ቆማለች፤ የሌላ ክበብ መለያ ለብሳለች። በኋላ እንደ ተረዳሁት በልጅነቷ የጋሽ ምሰሶ ተማሪ ነበረች። ስፖርትን በከፍተኛ ትምህርት ቤት ተምራ፣ አሁን በሌላ ክበብ አሰልጣኝ ሆናለች። ፌንጣን ከአዳራሹ ወደ ሆስፒታል ያመጧት ሁለቱ አብረው ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ የክርክር ቀን አይደለም» አሉ ሽማግሌው።

«ቀኑ መቼ ነው ጋሼ? አምና ረዳት ይያዙ ስልዎ፣ ‹አሁን ውድድር ደርሷል› አሉኝ። ውድድሩ ሲያልፍ፣ ‹አሁን ዕረፍት ነው› አሉኝ። ከዛሬ የባሰ ቀን እስኪመጣ ልጠብቅ?»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሽማግሌውን እንደ አባቷ እንደምታከብራቸው አነጋገሯ ይመሰክራል። እኔም መሄድ ሲገባኝ አልሄድኩም። ዝናቡን ሰበብ አድርጌ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ እውነቱን ለመናገር ግን እግሬን ያሰረው ነገሩ ነበር።

«እኔ ስጀምር» አሉ ጋሽ ምሰሶ፣ «ፍራሽ እንኳ አልነበረንም። ጭድ በሞላነው ጆንያ ላይ ነበር የምንወድቀው። ጆንያው የተቀደደ ዕለት ጭዱን ከጆሯችን ስንለቅም እንውላለን። ከዚያ ላይ ተነስተን ነው ዋንጫ ያመጣነው። ያኔ ለአንድ ክበብ አንድ አሰልጣኝ ይበቃ ነበር።»

«ይበቃ ነበር ወይስ ሌላ አልነበረም?»

«ያው ነው።»

«ያው አይደለም ጋሼ። ዋንጫ ያመጡት ልጆች ፎቷቸው ግድግዳዎ ላይ አለ። ጉልበቷ ተሰብሮ የቀረችው ያቺ ጓደኛዬስ ፎቶዋ የት አለ? ክንዱ ዞሮ በዚያው የጠፋው ልጅስ? እርስዎ የሚያስታውሱት ቆመው የወጡትን ነው። የወደቁትማ ወደ አዳራሹ ተመልሰው ስለማይመጡ ዓይንዎ አያያቸውም።»

ሽማግሌው መዳፎቻቸውን እርስ በርሳቸው አሻሹ። ዱቄቱ ቱታቸው ላይ ረገፈ። እኔም ለማስታረቅ ያህል፣ «ግን እኮ ልጆቹ የሚያውቁት እሳቸውን ነው። እንግዳ ሰው ከብረቱ ሥር ቢቆም አይደናገጡም?» አልኩ።

«ይኸው! የተማረ ሰው መሰከረልኝ» አሉ ጋሽ ምሰሶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው። «ልጅ የምታውቀው አንድ ድምፅ ነው። ዛሬ እኔ፣ ነገ ሌላ፣ ከነገ ወዲያ ሦስተኛ ሰው ሲያዛት ግራ ይገባታል። ደግሞም ሰው የሚያበዙባት ልጅ ፈሪ ትሆናለች።»

«ድምፁን አልነፈግኩዎትም» አለች ወጣቷ። «ዓመቱን ሙሉ ያሠለጥኗት፤ ይምከሯት፤ ይቆጧት። በውድድሩ ቀን ብረቱ ላይ ሳለች ግን ከድምፅ ይልቅ እጅ ነው የሚያስፈልጋት። የምትወድቅ ልጅ የሚይዛት እጅ የማን እንደሆነ አትጠይቅም። ፈሪ ትሆናለች ላሉትም፣ እኔ በልጅነቴ ከብረቱ ላይ እጄ ሲያመልጠኝ አየር ላይ ይዘውኛል። ፈሪ ሆንኩ? ስለያዙኝ ነው ዛሬ በእግሬ ቆሜ የምሟገትዎት።»

ይህን ስትል ሽማግሌው ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አነሱ። ከዚያ በኋላ የተናገሩት በልባቸው አምነውበት ሳይሆን መሸነፍ ስለከበዳቸው ይመስለኛል።

«ከየት ይመጣል ይሄ ሁሉ ሰው? የእኔ ክበብ እኮ ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ የሚደቅን እንኳ የለውም።»

«እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነበር ሰው! ልጆቻቸው ተራቸውን ጨርሰው፣ እጃቸውን አጣጥፈው የቆሙ አሰልጣኞች ስንት ነበሩ? እኔ ራሴ መዝለያው ጋ ቆሜ የነበርኩት ልጆቼ ጨርሰው ነው። ጠዋት ምን ብዬዎት ነበር ጋሼ?»

ሽማግሌው ጥያቄው የመጣው ከእኔ ይመስል ወደ እኔ ዞሩ።

«ጠዋት መጣችና ‹ትንንሾቹን እኔ ልቁምላቸው› አለችኝ» አሉ። «‹የሌላ ክበብ ሰው ልጆቼን አይነካም› አልኳት። ሰው ሁሉ እየሰማ ነው ያልኳት።»

ይህ በአሰልጣኞቹ ዘንድ የቆየ ልማድ መሆኑን ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት። የአንዱ ክበብ አሰልጣኝ የሌላውን ልጅ መደገፍ ነውር ነው። ልጁን የሰጠም አቅመ ቢስ ተብሎ ይታማል፤ የያዘም ተንኮለኛ ይባላል። ኩራት የሚሉት ነገር በሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ ልጆቹን ነው የሚያስርበው። ሽማግሌው ክፉ ሰው አይደሉም። ለልጆቹ ጫማ ከራሳቸው ኪስ ሲገዙ የማያያቸው የለም። ግን አንድ ሰው ሁሉን ልያዝ ሲል፣ የሚያመልጠው ነገር የት ላይ እንደሚወድቅ አያስብም።

«እኔም ታዘዝኩዎት» አለች ወጣቷ። «ዞር ብላ ስትፈልግዎት አይቻታለሁ። ዳኛው ባንዲራውን አነሳ። ባንዲራው ከተነሳ በኋላ ያልጀመረች ልጅ ተራዋ እንደሚያልፍባት ታውቃለች። እጇን ዘረጋች፤ ወጣች። ሮጥኩ ጋሼ። አልደረስኩም።»

«እንግዲህ ከላይ የታዘዘ ከሆነ ማን ያስቀረዋል?» አሉ ጋሽ ምሰሶ፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ።

«ተዉ ጋሼ። እኛ ባልቆምንበት ቦታ ፈጣሪን አናቁመው።»

በዚህ መሐል የውስጠኛው በር ተከፈተና ልብስ ሰፊዋ ወጣች። ከሥራዋ እንደ ተጠራች ነው የመጣችው፤ መለኪያው አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ደረቷ ላይ መርፌዎች እንደ ተሰኩ ናቸው። ሦስታችንም ብድግ አልን። አላለቀሰችም። ያላለቀሰች እናት ፊት ማየት እንዴት እንደሚያስፈራ ያየ ያውቀዋል።

«ሐኪሙ እግሯን በመርፌ ወጋት» አለች። «አልተሰማትም።»

ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ጋሽ ምሰሶ፣ ልጄን ለእርስዎ ስሰጥ፣ ‹ከሥሯ እቆማለሁ› ብለውኝ ነበር። እኔ ከሥራዬ ቀርቼ ልመጣ አልቻልኩም፤ አላየሁም። ማን ነበር ከሥሯ የቆመው? መቼም ሰው ነበር፤ አይደል?»

ጋሽ ምሰሶ ብዙ ሊሉ ይችሉ ነበር። ባንዲራውን፣ አዳራሹን፣ ዳኛውን ሊከሱ ይችሉ ነበር።

«አልነበረም» አሉ።

እናቲቱ ራሷን ነቀነቀች፤ ዋጋ የነገሯት ደንበኛ ይመስል። ከዚያ፣ «እርስዎን ትጠራለች። ይግቡ» አለቻቸው።

በአንድ በኩል እኔ፣ በሌላ በኩል ወጣቷ ደግፈናቸው ገባን። ፌንጣ በጀርባዋ ተንጋላ አንገቷ በድጋፍ ታስሯል። ዓይኗን ብቻ አዞረች። መዳፏ ላይ ያ ነጭ ዱቄት አሁንም አለ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ቶሎ ለቀቅኩት። እርስዎ እስኪመጡ ልጠብቅ ብዬ ነበር። ባንዲራው ሲነሳ ግን ክበባችን ነጥብ እንዳያጣ ብዬ... አይቆጡኝም አይደል?»

ሽማግሌው አልጋው አጠገብ ተንበረከኩ። ግንባራቸውን ከአልጋው ብረት ላይ አስደግፈው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ልጅቷ ደነገጠች።

«ጋሼ፣ እግሬ እኮ ደንዝዞ ነው። መቼ ነው የሚለቀኝ?»

ወጣቷ አሰልጣኝ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ወደ ውጭ ስንወጣ ዝናቡ አባርቷል። ጋሽ ምሰሶ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

«አሸነፍሽኝ ልጄ» አሉ።

«ምነው ባላሸነፍኩዎት» አለች።

«ልጅቷ ጥፋቱን ለራሷ ወሰደችው። አየሽ? እኔ ለፈጣሪ ልሰጥ የነበረውን እሷ ለራሷ ወሰደችው። ዓመቱን ሙሉ ምን ሳስተምራት እንደ ኖርኩ አሁን ነው የገባኝ፤ ነጥብ ከጀርባዋ እንደሚበልጥ ነው ያስተማርኳት።» ከዚያም፣ «በይ ንገሪኝ፤ ምን ይደረግ? እንደ ተማሪሽ ንገሪኝ» አሏት።

እሷም ነገረቻቸው። ልጅ በወጣችበት መሣሪያ ሁሉ ሥር ለእሷ ብቻ ዓይኑን የሰጠ አሰልጣኝ ይቁም። ይህ ሰው እጁን አንስቶ «ዝግጁ ነኝ» ሳይል ዳኛው ባንዲራ አያንሣ፤ አሰልጣኝ ስትጠብቅ የዘገየች ልጅም ተራዋ አይለፍባት። ሰው ያነሰው ክበብ ከሌላው ይዋስ፤ የተዋሰውም አይታማ። ትንንሽ ሴት ልጆች ያሉት ክበብ እስከ ልብስ መቀየሪያው ድረስ አብራቸው የምትሆን ሴት አሰልጣኝ ይኑረው፤ አንዳንዷ ልጅ ሕመሟን ለወንድ መናገር ታፍራለችና። ክበቡም ሰዎቹ ሊጠብቁ ከሚችሉት በላይ ልጆች ይዞ አይምጣ።

«የመጨረሻው ይከብዳል» አሉ ሽማግሌው።

«ይከብዳል ጋሼ።»

ክበቦቹ በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ሲሰበሰቡ ጋሽ ምሰሶ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ፤ ብቻቸውን መግባት አልሆነላቸውም። ወጣቷ ሐሳቡን አቀረበች። እነዚያ ሰዎች የተናገሩትን ስሰማ ሽማግሌው ሆስፒታል ውስጥ የተናገሩትን በሌላ አፍ የምሰማ መሰለኝ። «ሰው ከየት ይመጣል?» «ውድድሩ እስከ ማታ ሊፈጅ ነው?» «እኛ እንዲህ ነው ያደግነው?» አንዱማ፣ «ትናንት የተመረቀች ልጅ ምሰሶን የሚያክል ሰው ልታስተምር ነው?» ብሎ ሣቀ።

ጋሽ ምሰሶ ተነሱ።

«ምሰሶ አትበሉኝ» አሉ። «ምሰሶ ካለበት አይንቀሳቀስም። እኔ ተንቀሳቅሻለሁ። በዚህ ስም እንዳትጠሩኝ። ይህች ልጅ ቀድማ ነግራኛለች፤ ሰው ፊት አዋረድኳት። ከእናንተ መሐል አንድ ሰው በሁለት ቦታ ይቆማል የሚል ካለ ከእኔ ጋር ይምጣና ፌንጣን ይያት፤ ከዚያ ተመልሶ ይከራከረኝ።»

ደንቡ ጸደቀ። ሁሉም ወደውት አይደለም፤ አንዳንዱ እጁን ያነሳው ሽማግሌውን ላለማየት ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ነው።

ዋጋውን መጀመሪያ የከፈሉትም እሳቸው ናቸው። በሚቀጥለው ውድድር ሁለት ረዳት ብቻ ስላገኙ ከልጆቻቸው የሚበዙትን ትተው መሄድ ግድ ሆነባቸው። ጠዋት ከክበቡ በር ላይ የቀሩት ልጆች ቱታቸውን ለብሰው ሲያለቅሱ፣ ወላጆቻቸው ሽማግሌውን ምን ያላሏቸው አለ? «አረጁ» አሏቸው፤ «ፈሩ» አሏቸው። እሳቸው ግን የያዟቸውን ልጆች አስከትለው ሄዱ።

እኔም አዳራሹ ድረስ ሄጄ ተመለከትኩ። በየማዕዘኑ ሰው ቆሟል። ባንዲራ ከመነሳቱ በፊት ከብረቱ ሥር አንድ እጅ ይነሳል። እኩለ ቀን ገደማ አንዲት ቀጭን ልጅ ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው ስትሻገር እጇ አመለጣትና በጭንቅላቷ ወደ ታች መጣች። ከሥሯ የቆመው የሌላ ክበብ ሰው ነበር፤ በስብሰባው ላይ የሣቀው ያ ሰው። በሁለት ክንዱ ቀልቦ በእግሯ አቆማት፤ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋትና መልሶ ብረቱ ላይ አወጣት። ማንም አላጨበጨበም። የሚቀጥለው ስም ተጠራ። አጠገቤ የተቀመጠች እናት ከቦርሳዋ ብርቱካን እየላጠች ነበር፤ የወደቀችው ልጅ የእሷ መሆኗን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ መውደቋን እንኳ አላየችም።

ልጆቻቸው ተራቸውን ጨርሰው ከጎኔ ቆመው የነበሩት ጋሽ ምሰሶ፣ ዞር ስል የሉም። ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አየህ ባለ መድኃኒቱ?» አሉኝ። «ይህን ያህል ቀላል ነበር።»

እንግዲህ የዚህ ደንብ ጥቅም ምንድን ነው ቢባል፣ የሚታይ ጥቅም የለውም ማለት ይቻላል። ያልተሰበረ አጥንት ፎቶ አይነሳም፤ በደህና ወደ ቤቷ የገባች ልጅ ወሬ አይወራላትም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ወደ ብረቱ ሲወጡ ዞር ብለው ሰው አይፈልጉም። ታማ ሳለ ነጥብ እንዳይቀር ብላ የምትዘል ልጅ ቀርታለች፤ ሴቶቹም ልጆች ሕመማቸውን የሚነግሯት ሰው አግኝተዋል። በጥላቻ ይተያዩ የነበሩ ክበቦች አንዱ የሌላውን ልጅ እየያዘ ከሰነበተ በኋላ መጨባበጥ ጀምረዋል። በር ላይ ቀርተው ያለቀሱትም ልጆች፣ ረዳት ሲገኝ በየተራቸው ገብተዋል። አንባቢ ሆይ፣ በሥራህ ሁሉ «እኔ ብቻዬን እበቃለሁ» የሚል ሐሳብ ቢመጣብህ፣ አንተ በማትደርስበት በኩል ማን እንደ ተንጠለጠለ አስቀድመህ ተመልከት። መልካም ነገር መማር መቼም አይዘገይም ይላሉ የሚያጽናኑ ሰዎች። ይዘገያል። እኔ አይቻለሁ።

ሐኪሞቹ የሚሉትን ብለው ጨርሰዋል፤ ፌንጣ ከእንግዲህ አትራመድም። ጋሽ ምሰሶ ከየውድድሩ በኋላ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ይሄዳሉ። ከሰሞኑ ውድድር በኋላ እኔም አብሬያቸው ሄድኩ። ልጅቷ በተሽከርካሪ ወንበሯ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች፤ እናቷ የስፌት መኪናዋን አቁማ ወንበር ሰጠችን። ቂም አልያዘችባቸውም፤ ግን ለመናገርም አትቸኩልም።

«ዛሬ የወደቀ አለ?» አለች ፌንጣ።

«አንዲት ልጅ እጇ አምልጧት ነበር። ያዟት።»

«ከብረቱ ሥር ሰው ነበረ?»

«ነበረ ልጄ። ሁለት ሰው ነበረ።»

«ጥሩ ነው» አለች። የወንበሯን ጎማ በእጇ ገፋ አድርጋ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። እናቷም የስፌት መኪናዋን እንደገና መርገጥ ጀመረች።